የመውሊድ ማግሥት የተወለዱ

የያዙኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ቅጽል እያስረዳሁ ሳለ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆሙ። አንዱ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ነው፤ ጠመንጃውን እንደ ጃንጥላ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። ሌላው የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው። ጸሐፊውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሻይ ቤት እንቀመጣለን። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ከሩቅ ለየሁት፤ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ትናንት ጠዋት የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ነበር።

«ቲቸር፣ ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» አለኝ።

«ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልምጣ?»

ጸሐፊው ወደ ጠባቂው ዞሮ አየ። ጠባቂው በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተ። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን አራግፌ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ብድግ ብለው ቆሙ። መምህር ሲገባ እንጂ ሲወጣ የመቆም ልማድ አልነበራቸውም።

ወሩ ጥር ነው፤ የሶማሌው ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት አልሞላውም። ጭሮን ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ከተማዋን ወድጃታለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉም ከተራራው ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ወደ ድሬዳዋ ይበራሉ።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቀድሞ የውጭ አገር መምህራን ትተውት የሄዱት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። በዓመቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ቀን የተወለዱትን ታዋቂ ሰዎች ከነሥዕላቸው ይዘረዝራል። እኔ ከዚያ ውስጥ ደራሲዎቹንና የጥበብ ሰዎቹን እየመረጥኩ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለስኩ፣ በየሳምንቱ «በዛሬው ዕለት የተወለዱ» የሚል ወረቀት እለጥፍ ነበር። ተማሪዎቹ ያነቡታል። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። ሁልጊዜ ፈረንጅ ብቻ ለምን? የእኛ ሰው በዚህ ቀን አልተወለደም ወይ? ስለዚህ በዚያ ሳምንት ወረቀት ግርጌ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «የሀገራችን ገጣሚዎችና ሰዓሊዎች የብዙዎቹ ልደት አልተጻፈም። ከመካከላችሁ በዚህ ቀን የተወለደ ካለ፣ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት መጥቶ ያግኘኝ።»

የጠየቀኝ ካድሬ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ የካኪ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት ብዕር የሰካ ወጣት ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«እነዚህ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው?»

«አንዱ ደራሲ፣ አንዱ ሰዓሊ፣ አንዷ ዘፋኝ ናት።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

«ሞተዋል።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰው ከሞተ በኋላ ልደቱ ይከበራል?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጓል። ጥሩ ጥያቄም ስለነበረ መልስ ፈለግሁለት። «ሥራው ካለ፣ ሰውየው መቼ እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል» አልኩት።

«ደስ ይላል» እያለ ጻፈ። ከዚያ ጣቱን ወደ ወረቀቱ ግርጌ አወረደ። «ይሄኛውስ ምንድን ነው?»

«ለተማሪዎች ያቀረብኩት ጥሪ ነው።»

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ጥሪ የሚያደርግ የኅቡዕ ድርጅት ነው፤ ቀንና ቦታ ተነግሮ የሚሰበሰብም ሰው ድርጅት ነው። ካድሬው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያን ዕለት ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ያስገቡኝ ቤት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን የነበረ ነው። ነጋዴው ተወርሶ ቤቱ የእስረኛ ማቆያ ሆኗል። ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ ይንጣጣል። ግድግዳው ከታች እስከ ሰው ቁመት ድረስ በጆንያ ተፈትጎ አብረቅርቋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስተነፍስ ከሰው ላብ በታች የጥሬ ቡና ሽታ ይመጣል። መስኮት የለም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅና ጣራው ላይ በተበሱ የምስማር ቀዳዳዎች ነው።

በግራዬ የነበረው ሰው ሰዓሊ ነው። የአሰበ ተፈሪ ልጅ፣ ሙስሊም፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እኩል የሚቀልድ። የሻይ ቤት ስምና የጭነት መኪና ጎን ላይ አበባ እየሣለ ነበር የሚኖረው። ለአብዮት በዓል አደባባይ ላይ የሚቆም ትልቅ ሥዕል አዘዙት፤ ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር። ለገበሬው ፊት ሲያጣ ሻይ አብሮት የሚጠጣ አንድ የጫት ነጋዴ ፊት ሰጠው። ሥዕሉ በተሰቀለ በሳምንቱ ጫት ነጋዴው ሸፍቶ ጫካ ገባ።

«በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ሥዕሉን እያየ ይስቃል» አለኝ ሰዓሊው። «የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግሬን ወደዱልኝ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። እኔ ብቻ ነኝ ላብ በላብ የሆንኩት።»

«ለምን የእሱን ፊት መረጥክ?»

«አፍንጫው ደስ ይለኛል።»

በቀኜ ደግሞ አንድ የቦርደዴ ሽማግሌ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸውን ተኝተውም የማይፈቱ። በቆላው ግመልና ፍየል ያረባሉ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላሉ። የታሰሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«በጦርነቱ ወታደር መጣ፣ ወተት ሰጠሁ። ሌላ ወታደር መጣ፣ ለምን ለዚያ ሰጠህ አለ። ለእሱም ሰጠሁ። የእሱን ወተት ማንም አልጠየቀኝም።»

ጠዋት ጠዋት አንድ ጠባቂ በሩን ይከፍትና በረድፍ ያቆመናል። «ስምና ወንጀል!» ይላል። የሚባለውን ቀድመው ነግረውናል። ሰዓሊው ስሙን ይጠራና «ፀረ ሕዝብ ሥዕል በመሣል» ይላል። ሽማግሌው «ሰርጎ ገብ በማብላት» ይላሉ፤ «በማብላት» የሚለው ቃል አይያዝላቸውም፣ ሰዓሊው በሹክሹክታ ያቀብላቸዋል። እኔ «ሕገ ወጥ ስብሰባ በመጥራት» እላለሁ። ሌላው ሁሉ እንዲሁ። ይህን ሳንል ወደ ሽንት ቤት አንወጣም።

ሁለቱ እኔ ለምን እንደታሰርኩ ሲሰሙ ሰዓሊው በሳቅ ተንከተከተ። ለሽማግሌው በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው አልሳቁም። ቁጭ ብለው ካሰቡ በኋላ ጠየቁኝ፤ «ያ በርሲሳ፣» አሉኝ፣ መምህር ሲሉ ነው፣ «ዛሬስ? ዛሬ ማን ተወለደ?»

እንደ አጋጣሚ የዚያን ቀን ሰው አስታውስ ነበር። አንድ የሩቅ አገር ገጣሚ። ነገርኳቸው። ጥያቄያቸው ማብቂያ አልነበረውም። አባቱ ምን ሠሪ ነበር? ከብት ነበረው? ግጥሙን በሰው ፊት ይላል ወይስ ጽፎ ይደብቃል? ልጆቹ ግጥሙን ያውቁታል? እኔ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እሳቸው ቅር ይላቸዋል፤ እንዴት አንድ ሰው የገጣሚን የልደት ቀን አውቆ ልጆቹ ግጥሙን ያውቁ እንደሆነ አያውቅም?

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከሽንት ቤት ስንመለስ «ሀርአ ኤኙ ደለቴ?» ይሉኛል፤ ዛሬ ማን ተወለደ ማለታቸው ነው። ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ሳይቀር ጆሮውን ያቆማል። እኔም ከዚያ መጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ ከትዝታዬ ጓዳ እጎለጉላለሁ። ደንቆሮ የሆነ ሙዚቀኛ። በወንድ ስም ትጽፍ የነበረች ሴት። እጁ ሲሽመደመድ ብሩሹን በጨርቅ አስሮ የሣለ ሰዓሊ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር የእኛው ሰዓሊ የራሱን ጣቶች ዘርግቶ አያቸው።

በሁለተኛው ምርመራ ካድሬው መጽሐፉን ከትምህርት ቤት አስመጥቶ ጠበቀኝ። ሰዎቹ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው የፈለገው። እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ እኔ እያነበብኩ ተረጎምኩለት። ስለ ደራሲው ሳነብ አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ።

«ታስሮ ነበር አልክ?»

«አዎ።»

«ማን አሰረው?»

«ንጉሥ።»

ፊቱ በራ። «ታዲያ ተራማጅ ነው!» ብሎ ከስሙ አጠገብ ምልክት አደረገ። የወረቀቱን ሰዓሊ ደግሞ የመኳንንት ሚስቶችን ይሥል ስለነበር አድኃሪ ብሎ መዘገበው። በዘፋኟ ላይ ለመወሰን ተቸገረ። ከዚያ ገጾቹን ራሱ ማገላበጥ ጀመረ። የሥዕሎቹ ገጽ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ፤ አንዱን ሥዕል መብራቱ ሥር አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ማን ሣለው ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። መጽሐፉን ዘጋው።

«ያን ቀን ከትምህርት በኋላ አንዲት ልጅ መጥታለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው አይቷታል። ማን ናት?»

ልጅቷ የእኔው ተማሪ ናት። አባቷ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ፣ እሷ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር፣ ደብተሯ ጀርባ ላይ ስንኝ የምትጭር ልጅ። ያን ቀን ብቻዋን መጥታ «ቲቸር፣ እኔ በዚህ ቀን ነው የተወለድኩት» አለችኝ። መጽሐፉን ከፈትኩላት፤ እስኪመሽ ስታገላብጥ ቆየችና ሄደች።

«ተማሪ ናት። ስሟን አላስታውስም» አልኩ።

«ስንት ፈረንጅ ከነልደቱ ታስታውሳለህ፤ የተማሪህን ስም አታስታውስም?»

ይህም ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የውስጥ እግር ግርፋት ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ጽፎታል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ስሟን አልነገርኳቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ጭሮ ጤና ጣቢያ ደሜን ልለካ ተሰልፌ ሳለ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት «ቲቸር!» ብላ ጮኸች። ያቺው ልጅ ናት። ነርስ ሆናለች። ሻይ ጋበዘችኝ። ወሬ ወሬን ሲያነሣ አንገቷን ደፋች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? እኔ እኮ በዚያ ቀን አልተወለድኩም። መቼ እንደተወለድኩም አላውቅም። መጽሐፉን ማየት ፈልጌ ነው።»

«የቱን?»

«ሥዕሎቹን። መስኮት አጠገብ የቆመችዋን ሴትዮ። ሌላ ጊዜ ብጠይቅ እሺ የሚሉኝ አልመሰለኝም።»

ሳቅሁ። እሷ ለምን እንደሳቅሁ አልገባትም፤ እኔም አልነገርኳት። ስሟን ተጠይቄ እንደተገረፍኩ እስከ ዛሬ አታውቅም። ማወቅም የለባትም።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ከጓሮው ተሸክመው ሲያመጡኝ ሽማግሌው ጥምጥማቸውን ፈቱ። ሲፈቱት ያየሁት ያኔ ነው። ለመጠጥ ከተሰጣቸው ውኃ ላይ ጨርቁን አርሰው እግሬን ጠቀለሉልኝና እያሹ ማንጎራጎር ያዙ። መጀመሪያ ዱዓ መስሎኝ ነበር። ሰዓሊው ጆሮዬ ሥር ሆኖ ተረጎመልኝ። ስለ ባቡር ነው። ድሮ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ሚኤሶ ሲቆም የጣቢያውን ውኃ ይጠጣል፤ በድርቅ ዘመን ፍየሎቹ ተሰልፈው ያዩታል። ጠጥቶ ሲጨርስ ይጮኻል። «ጠጥቶ የሚጮኸው እሱ ነው፤ የተጠማነው እኛ ዝም ብለናል» ይላል ግጥሙ።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የእሳቸው ነዋ!» አለኝ ሰዓሊው። «በቦርደዴ በሚኤሶ ሰርግ ያለ እሳቸው አይሆንም። አልነገርኩህም?»

አልነገረኝም። ያን ሁሉ ቀን ስለ ሩቅ አገር ገጣሚዎች ሲጠይቁኝ ስለ ሥራ ባልደረቦቻቸው ነበር የሚጠይቁት። አሁን ተራው የእኔ ሆነ፤ የእሳቸው ጥያቄ በሙሉ ወደ እሳቸው ተመለሰ። ሲገጥሙ ይጽፋሉ? አይጽፉም። ታዲያ እንዴት ይይዙታል? ከግመሉ ኋላ እየሄዱ ነው የሚገጥሙት፤ መንገዱ ሲያልቅ ግጥሙም ያልቃል። ልጆችዎ ያውቁታል? «ሴቷ ታውቃለች፤ ወንዶቹ ሲደክማቸው ነው የሚያስታውሱት።» መቼ ተወለዱ?

እዚህ ላይ ጨርቁን እግሬ ላይ አስተካከሉ።

«እናቴ፣ መውሊድ ባለፈ በማግሥቱ ነው አለች። ሰው ሁሉ ደክሞት ተኝቷል፤ እሷ ብቻዋን ናት።»

መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይሸሻል፤ አንድ ጊዜ በክረምት፣ አንድ ጊዜ በበጋ ይውላል። ይህን ስናስብ ሰዓሊው ደስ አለው። «ስለዚህ በየዓመቱ ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚወለዱት! ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ይዳረሳሉ» አለ። ከዚያ እሱም ልደቱን እንደማያውቅ ተናገረ። እናቱ ምጥ የያዛት ገበያ ላይ ነው፤ የትኛው ገበያ፣ የትኛው ወር፣ የሚያስታውስ የለም። «አባ፣ ከእርስዎ ቀን ያካፍሉኛል?» አላቸው።

«ውሰድ» አሉት። «ቀን ሰፊ ነው።»

ያን ዓመት መውሊድ የካቲት መግቢያ ላይ ዋለ። ከቤተሰብ የሚመጣው ስንቅ ዕለቱን ነገረን፤ ሩዝና ሥጋ ገባ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየወገኑ በላ። ከሰዓት በኋላ ከከተማው በኩል የመንዙማ ድቤ ይሰማል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ያኔ ነው ሰዓሊው ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ የተናገረው።

«ነገ ወንጀሌን አልናገርም።»

«ምን ልትል ነው?»

«ሰዓሊ ነኝ እላለሁ። በልደቱ ቀን ወንጀሉን የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ይመቱሃል።»

«ይመቱኛል» አለ።

ለሽማግሌው ነገራቸው። እሳቸው ብዙ አላሰቡም። «እኔም» አሉ። «እኔ አርጅቻለሁ። ሲመታኝ የሚያፍረው እሱ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰዓሊው የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሽማግሌው ከእኔ እግር የተመለሰውን ጥምጥማቸውን አራግፈው አዲስ አድርገው ጠመጠሙ። በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ከጭሮ ዙሪያ ገጠር የመጣ የሚሊሻ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም፣ ሥራው እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ነበር።

«ስምና ወንጀል!»

ረድፉ እንደወትሮው ሄደ። ሰዓሊው ላይ ደረሰ። ስሙን ጠራና «ሰዓሊ» አለ።

«ወንጀል ነው ያልኩት።»

«ሌላ የለኝም።»

በዱላው ትከሻውን መታው። ድምፁ በመጋዘኑ ውስጥ ትልቅ ሆነ። «ወንጀል!»

«ሰዓሊ።»

ጠባቂው ሊደግመው ዱላውን አነሣና መልሶ አወረደው፤ ወደ ሽማግሌው አለፈ። ሽማግሌው የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ጠሩ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ቃል አሉ፤ «ወለሎ»። ግጥም ማለት ነው። አማርኛውን አጥተውት አይደለም፤ በዚያ ቀን በሌላ ቋንቋ ሊሉት አልፈለጉም።

ጠባቂው ቋንቋው የራሱ ነው፤ ገባው። ዱላውን ብብቱ ሥር አደረገ። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቃቸው። የጠየቃቸውን በኋላ ሰዓሊው ነገረኝ፤ «እውነትህን ከሆነ እስቲ በል» ነው ያላቸው።

ሽማግሌው አሉ። አጭር ነበር። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ረድፉ ላይ ግን የሚገባቸው ብዙ ነበሩና ፊታቸውን አየሁ። አንዱ ነጋዴ ከንፈሩን ነከሰ። ጠባቂው መሬት መሬት ያያል። ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ።

ስሜን ጠራሁ። «መምህር» አልኩ።

አልመታኝም። ቀጠለ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ስሙን ጠርቶ «ልብስ ሰፊ» አለ። ቀጥሎ «ሾፌር» ተባለ። ከዚያ «ገበሬ»፣ እንደገና «ገበሬ»። በመካከል አንድ ሰው እንደወትሮው ወንጀሉን ተናገረ፤ ጉዳዩ ሊያልቅለት የተቃረበ፣ የልጆች አባት ነው። ማንም ዞሮ አላየውም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ «ዳቦ ጋጋሪ» አለ። ያን ሁሉ ሳምንት አንድ ጣራ ሥር አብሮኝ ሲተኛ ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ወሬው ካድሬው ጋ ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። ስንቅ እንዳይገባ ታገደ፤ እኛን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጡን። የጫት መኪኖቹ ጡሩምባ እስኪሰማ ድረስ እዚያው ነበርን። ካድሬው መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«የሁለት ሰዎች ልደት ነው።»

«መጽሐፉ ላይ አለ?»

«የለም።»

«የት ነው ታዲያ የተጻፈው?»

«አልተጻፈም።»

ሰዓሊውንና ሽማግሌውን በተራ አያቸው። ከኪሱ ብዕር አወጣ፤ የሚጽፍበት ነገር አልያዘም ነበር፤ መልሶ ሰካው። ሄደ።

ሰዓሊውን የሽማግሌው ግጥም ምን እንደነበር የጠየቅሁት ያኔ፣ ፀሐዩ ላይ ነው። ለእናታቸው ነው አለኝ። «ስትወልጂኝ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር፤ ጩኸትሽን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይኸው ይዤው እዞራለሁ» የሚል። ሰዓሊው ይህን ሲነግረኝ ትከሻው አብጦ ክንዱን ማንሣት አልቻለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽማግሌውንና ሌሎች እስረኞችን በጭነት መኪና ወደ ሐረር ወሰዷቸው። ከዚያ ጠዋት ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም፤ ከሄዱት ውስጥ ያን ዕለት ወንጀሉን የተናገረው ሰውም ነበረበት። ሽማግሌው ስማቸው ሲጠራ እጄን ጨበጡና ለሰዓሊው አንድ ነገር ነገሩት። እሱ እየሳቀ ተረጎመልኝ።

«ሰሌዳህ ላይ ስትጽፈኝ ሽማግሌ አትበለኝ ይሉሃል። በተወለድኩ ቀን ሽማግሌ አልነበርኩም ይሉሃል።»

እኔ የተፈታሁት ክስ ሳይነበብልኝ ነው። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩኝ። ሰዓሊው ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ሚኤሶ የጭነት መኪና ሲሥል ኖረ። አንድ ጊዜ አገኘሁትና የሰው ፊት ይሥል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ግመል ብቻ» አለኝ። «ግመል አይሸፍትም።» አሁን በሕይወት የለም። ከሥራዎቹ ውስጥ እኔ የማውቀው የቀረ የለም፤ መኪኖቹ አርጅተው ቀለማቸው ተልጧል።

ሰዎች ስለ እስር ቤት ሲጠይቁኝ ስለ ግርፋቱ ሊሰሙ ይጠብቃሉ። እኔ የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው አብሮኝ ተኝቶ ዳቦ ጋጋሪ መሆኑን አለማወቄ ነው። ሰውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎኔ መጠየቅ የለመድኩት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቼ አዳማ እኖራለሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ጭሮ ስላሉ በዓመት አንድ ሁለቴ በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ቦርደዴ ወርጄ ሻይ ቤት የተቀመጡ ሰዎችን ስለ ሽማግሌው ጠየቅሁ። አንዱ «ሐረር ሞተ» አለኝ፤ የቀበሩትን ሰዎች አውቃለሁ ብሎ። ሌላው «ኧረ ተፈቶ መጥቷል፣ ሚስትም ጨምሯል፤ ወላሂ ሰርጌ ላይ ገጥሞልኛል» አለ። ሁለቱም እርግጠኛ ነበሩ። ተከራከሩ፤ ባለ ሻይ ቤቷም ሦስተኛ ነገር ጨመረች፣ ሴት ልጁ ወደ አዋሽ አግብታ ሄዳለች የሚል። ክርክሩ ሳያልቅ አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ።

ግጥማቸውን የምታውቀውን ሴት ልጃቸውን እስካሁን አላገኘኋትም። አውቶቡሱ ቦርደዴ ለሻይ ሲቆም አሁንም እወርዳለሁ።